ለሰላይ የተሰጠ የምስክር ወረቀት

ደበሌ እባላለሁ፤ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፤ መምህሩ ከእኔ መማር ስለጀመሩ ነው። አንዴ የዓባያ ሐይቅ አዞ ጭራውን አጥፎ ተሳፍሮ «ቀስ በል፣ የልጆች አባት ነኝ» አለኝ ብዬ ሦስት ሰው አሳምኛለሁ። የዛሬው ወሬ ግን ምነው ውሸት በሆነ!

የሚስቴ የሊሻን ወንድም ኦይታ ሸማኔ ነው። ከድንበር ማዶ ሱቅ ከፍቶ ጋቢ ይሸጣል። የዚያ አገር ሹማምንት ለሚስቶቻቸው ጥበብ ሲያሠሩ ወሬ ያንጠባጥባሉ፤ እሱ ደግሞ ወሬውን ለቅሞ ወደዚህ ይልካል። ሁለቱ መንግሥታት በቴሌቪዥን ወንድማማች ነን ይባባላሉ። ይህን ጉዳይ ከቤታችን ሊሻን ብቻ ነበር የምታውቀው። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ደግ አደረገች።

በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ እሷን አስጠራት። አብሬያት ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ብርሃነመስቀል ለሾፌሩም፣ ለጽዳቷም፣ ለጥበቃውም የምስክር ወረቀት አደሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«በውጭ አገር በምስጢራዊ የመረጃ ሥራ ተሰማርተው፣ ከዚያው አገር ጋር በያዝነው ድርድር ላይ አቅም ለሆኑን ለአቶ ኦይታ! እህታቸው ይቀበሉልናል!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሊሻን ዓይኗን በነጠላዋ ስትሸፍን ሰው ሁሉ ደስታ መሰለው። እኔም ምስጢሩን የሰማሁት ከአዳራሹ ሕዝብ ጋር እኩል ነው። ምሳ ሳይደርስ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ከነሙሉ ስሙ፣ ከነክብ ማኅተሙ።

ሲቀላን ዞርኳት። «ወረቀቱን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ፎርጅድ ነው!» እያልኩ ለፈለፍኩ።

«ሂድ ወዲያ!» አለችኝ ማንጎ ሻጯ ጸዳለ። «ማኅተም አለው እኮ። አንተ አዞ ነው የምትችለው።»

ዕድሜ ልኬን ስዋሽ እንዲህ እመኑኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም። ማንም አላመነኝም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሄድን። በእኛ በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው እምቢ አይባልም፤ ለጠብ የወጣ ጎረምሳ እንኳ ጦሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሊሻን ከግቢው ሣር ነጭታ ኃላፊው ፊት ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ ፎቶውን ያጥፉልኝ። ያለኝ ወንድም አንድ ነው።»

አቶ ብርሃነመስቀል ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አገራቸው ሰሜን ነው፤ እዚያ ሣር የሚጎዘጎዘው ለደስታ ነው።

«ኧረ ተነሺ እህቴ! ማመስገንማ የእኛ ፋንታ ነው!»

«ምስጋና አይደለም ጋሼ፣ ልመና ነው» አልኳቸው።

«አንተን ነው የማምነው ደበሌ?» ብለው ሳቁ። «ደግሞ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፤ አንዴ የተለጠፈ ነገር ያለ ደብዳቤ አይወርድም። ሕዝቅኤል! ካሜራህን አምጣ!»

የሕዝብ ግንኙነቱ ሕዝቅኤል ግን የገረሴ ልጅ፣ እንደኛው ጋሞ ነው። ሣሩ ምን እንደሚል ያውቃል። ዓይናችንን ሳያይ ሁለቴ አነሳን።

«የጀግናው ቤተሰብ በጋሞ ባህል ምስጋናውን ሲያቀርብ፣ በል» አሉት ኃላፊው። «የሱቁንም አድራሻ ጨምርበት፤ ታሪክ ነው።»

ጨመረበት።

ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብለን ኦይታ ጋ ደወልን። አይነሳም። ደግመን ደወልን። በሦስተኛው ተነሳ።

«ኦይታዬ?»

«ኦይታ አሁን አይመቸውም» አለ የማናውቀው ሰው፤ ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ አማርኛ። «እህቱ ነሽ? ሣር የያዝሽው? ፎቶሽን አይተናል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሊሻን ሣሩን አልጣለችውም። ሙቀቱ አጠውልጎት ጣቶቿ ላይ ተጣብቋል።

«ደበሌ» አለችኝ፣ «እስቲ አንድ ነገር ዋሸኝ።»

አፌን ከፈትኩ። አዞው እንኳ አልመጣልኝም።