ባለድርሻው ማይ ፍሬንድ

ከቢር ሱቁን ከከፈተበት ቀን ጀምሮ፣ ድፍን አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራው ቢጫ አቧራ መጥረግ ነው። አቧራው የሚመጣው ከድሮ የወርቅ ጉድጓድ ወጥቶ፣ በስደት ከሚኖርበት ሰፈር ከቮስሎሩስ ዳር ከተቆለለው አፈር ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ያ ተራራ ተነስቶ ዳቦው ላይ፣ ሳሙናው ላይ፣ የከቢር ሳንባ ውስጥ ይገባል። ከቢርም ሳል ሲይዘው፣ «እኔን የሚያስለኝ ወርቅ ነው፤ እንደናንተ ተራ ብርድ መሰላችሁ?» ይላል። ሚስቱ ጦይባ ትስቅለት ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚስቀው።

ታዲያ ባለፈው ነሐሴ ከአውስትራሊያ አንድ ኩባንያ መጣና ቁልሉን እንደገና አጥቦ የቀረውን ወርቅ ላውጣ አለ። ያገሩ ሕግ ደግሞ የውጭ ሰው ብቻውን አፈሬን አይነካም ባይ ነው፤ ከድርሻው ለአገሬው ይቆረሳል። ትልቁን ቁራሽ የሚወስዱት ያው ትልልቆቹ ናቸው። ትንሿ ግን አቧራውን ሲውጥ ለኖረው ለሰፈሩ ሰው ትሁን ተባለ። ማስታወቂያው የተለጠፈው የት መሰላችሁ? ሰው ሁሉ የሚያልፍበት የከቢር ሱቅ ግድግዳ ላይ!

ከቢር ሦስቴ አነበበው። ዜጋ የሆነ፣ ሰፈሩ ውስጥ አሥር ዓመት የኖረ ሁሉ መመዝገብ ይችላል። እዚህ አገር ያልተወለደ ከሆነ ግን ሦስት ጎረቤቶች ምለው ይመስክሩለት። ያኑ ቀን ተመዘገበ።

በማግስቱ ዕቃ ሊጭን ከተማ፣ ጅምላ ገበያው ዱርንፎንቴን ሲሄድ ለጅምላ ነጋዴው ለሱፊያን ነገረው።

«ኧረ ተው አቦ!» አለ ሱፊያን፣ ካርቶን ላይ እንደተቀመጠ። «ሕጉ እኮ የወጣው የውጭ ሰው ብቻውን እንዳይበላ ነው። አንተስ ማነህ? አውስትራሊያው በማሽን መጣ፣ አንተ በዳቦ መጣህ።»

«ዜጋ ነኝ። መታወቂያዬን ላሳይህ?»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሱቅህን የሰበሩት ጊዜ አሳየሃቸው?»

ከቢር ዕቃውን መጫን ጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት ሱቁ ሲሰበር፣ ከግርግሩ መሃል አንዱ «እዚህ አገር ምን አለህና ነው የምትቆመው?» ብሎት ነበር። ጦይባ እዚሁ አፈር ውስጥ እንዳለች እንኳ መናገር አቃተው። ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ አብሮት ይተኛል፣ አብሮት ይነሳል። አሁንም ልቡ ያለው ወርቁ ላይ አይደለም። «ይኸው ይህ አለኝ» ብሎ የሚያወጣትን፣ ስሙ የተጻፈባትን አንዲት ወረቀት ነው የፈለገው።

ምስክር ደግሞ አላጣም። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዳቦ የሚገዙት አሮጊት፣ እሱም እንደ ሰፈሩ ሰው በዙሉ ቋንቋ «ጎጎ»፣ አያቴ የሚላቸው፣ ደረታቸውን መትተው፣ «ለማይ ፍሬንድ ያልመሰከርኩ ለማን ልመሰክር ነው!» አሉ። ሲጋራ በነጠላ የሚገዛው የታክሲ ሾፌርም እሺ አለ። ለስልኳ ኤርታይም፣ ሂሳብ የምትሞላው ነርስም እሺ አለች። እዚያ ሰፈር ሱቅ የያዘ የውጭ ሰው ሁሉ ስሙ «ማይ ፍሬንድ» ነው። ከቢርም ስለለመደው፣ እነዚህ ሰዎች ስሜን ያውቁታል ወይ የሚል ሐሳብ ዝር አላለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሰርጉ እንኳ ያልለበሰውን ዓይነት ኮት ለብሶ፣ ምስክሮቹን ይዞ ምዝገባው የሚጣራበት አዳራሽ ገባ። ዝርዝሩን የያዘችው ጸሐፊ ወጣት ናት፤ ትሁት ነገር ናት። ምስክሮቹን ስማቸውን በየተራ ጠየቀች፣ ጻፈች። ከቢር ልቡ ስለሚደልቅ አንዱንም አልሰማም።

«እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?» አለቻቸው ጎጎን።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ባለቤቴ ሲሞት የለቅሶውን ዳቦ የቻለኝ እሱ ነው።»

«ጥሩ። ሙሉ ስማቸውን ይናገሩ።»

ጎጎ ፈገግ አሉ። «ማይ ፍሬንድ ነዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከቢርም ሳቀ። ጸሐፊዋ አልሳቀችም።

«መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም ነው የምለው።»

የጎጎ ፈገግታ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ሾፌሩ፣ «መሐመድ... አይደለም?» አለ። ነርሷ መሬት መሬት አየች። ከቢር ሊናገር አፉን ሲከፍት ጸሐፊዋ እጇን አነሳች። «ይቅርታ፣ መመስከር ያለባቸው እነሱ ናቸው።» ከዚያ አሳዘናት መሰለኝ፣ «እሺ፣ እርስዎ የነሱን ስም ይንገሩኝ፤ ቢያንስ ጎረቤት መሆናችሁን ልመዝግብ» አለች።

ምሕረት ነበር። ከቢር ጎጎን አየ። ከዳቦው ጫፉን እንደሚወዱ ያውቃል። ስኳራቸው በወሩ ስንተኛ ቀን እንደሚያልቅ ያውቃል።

«ጎጎ» አለ።

የዚያ ሰፈር አሮጊት ሁሉ ጎጎ ናት። ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ብራዘር...» ወደ ነርሷ ዞረ። እሷንም ሊጠራ ጀምሮ አልጨረሰውም።

ጸሐፊዋ ማስመሪያዋን አስተካክላ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ካለው ከከቢር ስም ላይ ቀጥ ያለ የስረዛ መስመር ሳበች።

ደጅ ሲወጡ ጎጎ የኮቱን እጅጌ ያዙ። «ባሌን እዚያ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጂም እያሉ ነው የጠሩት። ስሙ ጂም አልነበረም። ማን ነው ስምህ፣ ልጄ?»

«ከቢር።»

«ካቢራ።»

«ከቢር።»

ሦስት ጊዜ ደገሙት። እስከ መታጠፊያው ድረስ ለራሳቸው እያሉት ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ወጣ። የሚለጠፈው ያው የከቢር ግድግዳ ላይ ነው፤ ማጣበቂያ ያቀበለውም ራሱ ከቢር ነው። ሰው ተሰበሰበ፣ ስሙን ያገኘ ጮኸ፣ ጨፈረ። ጎጎም በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ግማሽ ዳቦ!»

የከቢር እጅ ቢላዋው ላይ ቆመ። ጎጎ ልብ አላሉትም። «አለሁበት እኮ! ስሜን አየሁት!»

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጎጎ።» ጫፉን ቆርጦ ሰጣቸው።

ሰዉ ሲበተን መጥረጊያውን ይዞ ወጣ። ወረቀቱ ከወዲሁ ቢጫ ለብሷል። በእጅጌው ጠረገውና ጣቱን ከላይኛው ስም ላይ አሳረፈ። ከነዚህ አንዷ ጎጎ ናቸው። የትኛዋ? ጣቱ እስከ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ሳሉ ተነሳበት።

«ማይ ፍሬንድ!» ብሎ አንዱ ከኋላው ተጣራ።

«አቤት» አለ ከቢር።