ከፊት የነበረችው

በመኪና ማሠልጠኛው ግቢ ሁሉም የሚጠራት «እትዬ ፍሬን» እያለ ነው። ስሙን ያወጡላት ሠልጣኞቿ ናቸው። ተማሪው መሪውን ጨብጦ ገና ከግቢው በር ሳይወጣ «ፍሬን!» ማለት ትጀምራለች፤ ዞሮ ተመልሶ እስኪያቆም አፏ አያርፍም። ይቀልዱባታል፣ ግን ይወዷታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች ባለ ሁለት ፍሬን መኪና ሌላውን እያስተማረች አንድ ልጇን አሳድጋለች። ልጅቷም ደርሳ በጥርስ ሕክምና ቤት ነርስ ሆናለች። እጇ ቀላል ስለሆነ በሽተኞች «ያቺ ልጅ ትያዘኝ» እያሉ ተራ ይጠብቁላታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ግንበኛ የሆነ ሠልጣኟ በዕረፍት ሰዓት ስልኩን ይዞ ወደ ተቀመጠችበት ጥላ መጣ።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝማ! አነዳድ ማለት ይሄ ነው።»

ቪዲዮውን አንድ ሰው ከእግረኛ ድልድይ ላይ ሆኖ የቀረጸው ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ባዶ አስፋልት ላይ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪናና አንድ ረዘም ያለ ቢጫ መኪና ጎን ለጎን ይበራሉ። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ነጯ ከውስጥ በኩል ታጥፋ ሾልካ ወጣች። ድልድዩ ላይ ያሉት ወጣቶች ጮኹ፣ አፏጩ።

«ትንኝ ነው የሚሏት» አለ ግንበኛው። «በጆሮህ ሽው ካለች በኋላ ነው ማለፏን የምታውቀው። ቢጫው ደግሞ ሎሚ ይባላል፤ እስካሁን አንድ ቀን አልቀደማትም። ማን እንደሆነች ግን የሚያውቅ የለም።»

እትዬ ፍሬን ታውቃታለች። የነጯ መኪና የኋላ መብራት መስታወቱ ተሰንጥቆ በቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። የለጠፈችው ራሷ ናት። መኪናዋ የልጇ ናት።

በኋላ ያን ቅጽበት ስታስታውስ የሚያሳፍራት አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ ደረቷ ሞቀ። ያ መሪ አያያዝ፣ ያ ከመታጠፍ በፊት ጥቂት የመታገሥ ልማድ የራሷ ነው፤ ልጇን በባዶ ሜዳ ላይ ስታስተምራት የሰጠቻት ነው። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጎበዝ ናት» አለች ስልኩን እየመለሰችለት። «በል ግባ፣ እንቀጥል።»

ለልጇ ለመናገር ቀናት ወሰደባት። ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ሥራ አላት እያለች አሳደረችው። በመጨረሻ አንድ ምሽት ልጅቷ ሳህን እያጠበች፣ እናትየው እያደረቀች ሳለ ጀመረችው።

«እሁድ እሁድ በጠዋት የት ነው የምትሄጂው?»

«ሩጫ ነው ብዬሽ የለ።»

«እኔ በእግርሽ መስሎኝ።»

ልጅቷ እጇ አረፋው ውስጥ ቀረ። እናትየው ትክዳለች ብላ ስትጠብቅ፣ ልጅቷ ፊቷን አዞረችና ዓይኗ አበራ። «ቪዲዮውን አየሽው? አደባባዩን እንዴት እንደያዝኩት አየሽ?»

እናትየው ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ሰው አለ፣ ሕፃን አለ፣ ጎማ ይፈነዳል፣ አንድ ልጄ ነሽ የሚል። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር። «ማርሹን ዘግይተሽ ነው የቀነስሽው። ትንሽ ብትቆዪ ኋላዋ ያመልጥሽ ነበር።»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች፤ በአረፋ እጇ አቅፋ ሳመቻት። ያኔ ነው እናትየው «ግን ተዪው ልጄ፣ ከእንግዲህ እንዳትደግሚው» ያለችው። ግን ቃሉ ጊዜው አልፎበት ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ንጋት የግቢው በር ሲከፈት ሰማች። ሰምታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

አደጋው የደረሰው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ልጅቷ ከወትሮው ዘግይታ ተመለሰች። መኪናዋን ከቤቱ ጀርባ አቁማ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ ሳትወርድ ቀረች። እናትየው በሌሊት ልብሷ ወጥታ በሩን ከፈተችላት።

«ሎሚ ሰው ገጨ» አለች ልጅቷ ፊት ለፊቷን እያየች። «ከአደባባዩ በታች። አንዲት ሴትዮ። በሕይወት አለች፤ ራሱ ነው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት። ፖሊሶቹ ከማን ጋር ስትሽቀዳደም ነበር ሲሉት ብቻዬን ነበርኩ አላቸው፤ ደውሎ ነገረኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ከፊት ነበርኩ፣ እማ። አልፌ ነበር። ማንንም አልነካሁም።»

«ከፊት ሰው ባይኖር እሱ ማንን ነበር የሚያባርረው?»

ልጅቷ ወርዳ ክፍሏ ገባች፤ በማግሥቱ እንደ ወትሮዋ ሥራ ሄደች። እናትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ እንደ ጎረቤት በሰላምታ ብቻ ሰነበቱ።

ማሠልጠኛው ግቢ ግን ወሬ አይደበቅም። ሎሚ በዋስ ተፈትቷል፤ አባቱ ጠንካራ ጠበቃ ይዞለታል። ግንበኛው የሰማውን ለእትዬ ፍሬን አደረሰላት። «ሴትዮዋ ናት አሉ ዘላ የገባችበት። የላውንድሪ ልብስ ተሸክማ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ። እንግዲህ እሱ ምን ያድርግ?»

እትዬ ፍሬን ይህን እራት ላይ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አይታለች» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሳታይ አልገባችም። ዳር ላይ ቆማ ነበር። ልብሱን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ እኔ እስካልፍ ወደ ኋላ ተመለሰችልኝ። በዓይኔ አይቻታለሁ።» ሳህኗን ገፋችው። «እኔን አሳልፋ ነው የገባችው፣ እማ። አንድ መኪና ብቻ መስሏት።»

ሠልጣኞቿን ስንት ዘመን ሙሉ ስለ ዜብራ፣ ስለ ስፖኪዮ፣ ስለ ርቀት ስትወተውት የኖረች ሴት፣ አሁን የምታየው ዳር ላይ ቆማ ለልጇ መንገድ የምትለቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበር።

በማግሥቱ አብረው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተኝታለች፤ የጭኗ አጥንት ተሰብሮ እግሯ በገመድና በክብደት ወደ ላይ ተሰቅሏል። ፀጉሯ ሽበት የጀማመረው፣ ፊቷ ግን ተጫዋች የሆነ ሴት ናት። ላውንድሪ ቤት ልብስ በካውያ ስትተኩስ ነው የኖረችው። ለአጎራባቿ በሽተኛ «ሥራሽ ምንድነው ሲሉኝ ተኳሽ ነኝ እላለሁ፤ ሰው ሁሉ ደንግጦ ይሸሸኛል» እያለች ስታስቅ ደረሱ።

«ከፖሊስ ናችሁ?» አለቻቸው።

«አይደለንም» አለች ልጅቷ። «እኔ... ነጯ መኪና ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

የሴትዮዋ ሳቅ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ነጯ» አለች። «ነጭ መኪና ነበረች ብዬ ስናገር ማንም አላመነኝም እኮ። ጭንቅላቷን ተመትታለች አሉ። የገዛ ልጄ እንኳ አርፈሽ ተኚ አለኝ። እኔም በመጨረሻ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።» ቀና ለማለት ሞከረችና እግሯ አልፈቅድ አላት። «ቆሜ አሳለፍኩሽ እኮ!»

«አዎ።»

«አየሽኝ?»

«አየሁዎት።»

«አይተሽኝም አልቀነስሽም?»

«አልቀነስኩም።»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች። «አንቺስ ማን ነሽ?»

«እናቷ ነኝ። ሥራዬም መኪና ማስተማር ነው።» እትዬ ፍሬን ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «እንደምትሽቀዳደም አውቅ ነበር።»

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲህ ይቅር ብያለሁ እንድላችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ዛሬ የለኝም» አለች ሴትዮዋ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም እንጂ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዳኛው ፊት ቀርበሽ፣ ዳር ላይ ቆማ ነበር በዪልኝ። አይታ ነበር በዪልኝ። በዚህ ዕድሜዬ አስፋልት የማታውቅ ጅል አታስብሉኝ።»

ልጅቷ እሺ አለች።

እሺ ማለቱ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ወሬው ሎሚ ጆሮ ደርሶ፣ ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከስቷል። ጢሙን ካልተላጨ ሰንብቷል።

«ስምሽን አልጠራሁም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ያን ሁሉ ቀን ታስሬ ሲያፋጥጡኝ አልጠራሁም። አንቺ ዝም ብትይልኝ ምናለበት? ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።»

«ዝም ካልኩ ጥፋቱ የእሷ ይሆናላ።»

ሎሚ አንገቱን ደፋ። «የማየው ሸሚዙን ነው» አለ። «ከተሸከመችው ልብስ ውስጥ አንድ ነጭ ሸሚዝ መጥቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ሌላ ምንም አላየሁም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያው ሸሚዝ ነው የሚመጣብኝ።»

ልጅቷ አለቀሰች። እሱን ጠልታው አታውቅም። ጥፋቱን ተሸክሞላታል፤ ሴትዮዋንም ጥሎ አልሸሸም።

«አንተን ብቻ ላስገባ አይደለም የምሄደው» አለችው። «እኔም ነበርኩ ልል ነው።»

«ለእኔ ግን ያው ነው» አለና ሄደ።

ፍርድ ቤት ቀርባ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። የሎሚ ጠበቃ ተነሥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፦ እግረኛዋን ካየች ለምን ፍጥነቷን እንዳልቀነሰች።

«ይቀድመኝ ነበር» አለች።

መልሱ እውነት ነው፤ ከዚያ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው እናቷ ግን ቃሉ እንዲህ ትንሽ ሆኖ ሲወጣ ስትሰማ ጆሮዋን መድፈን አማራት።

ሎሚ ተፈረደበት፤ እስር ቤት ገባ። ልጅቷ መንጃ ፈቃዷ ተነጠቀ፤ እስራቱ በገደብ ተያዘላት። ሴትዮዋ ቆማ እንደነበር መዝገቡ ላይ ሰፈረላት፤ ካሳውም አልተቀነሰባትም። የሎሚ ጓደኞች የእነ እትዬ ፍሬን ግቢ በር ላይ በቀለም «ከሃዲ» ብለው ጻፉ። እትዬ ፍሬን ለማሠልጠኛው ኃላፊ የሆነውን ሁሉ፣ የራሷንም ዝምታ ጨምራ ነገረችው። እሱ «የልጅሽ ጥፋት ያንቺ አይደለም» ብሎ ወደ ሥራዋ መለሳት። እሷ ግን አባባሉ አልተዋጠላትም። ከዚያ በኋላ ስታስተምር ድምጿ ቀንሶ ነበር፤ ሠልጣኞቹም መቀለዱን ተዉት።

ሴትዮዋ ድና በምርኩዝ ወደ ካውያዋ ተመለሰች፤ አሁን የምትተኩሰው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ልጅቷ አንድ ሁለት ጊዜ ልትጠይቃት ሄዳለች። በመጨረሻው ጊዜ ሴትዮዋ በር ላይ አቆመቻት።

«መጥፎ ልጅ አይደለሽም» አለቻት። «መጥተሽ መመስከርሽንም አልረሳውም። ግን አትምጪብኝ። ባየሁሽ ቁጥር የመኪናው ድምፅ ይመለስብኛል።»

ልጅቷ እጅ ነስታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አልሄደችም።

አንድ እሁድ ጎህ ሲቀድ እትዬ ፍሬን ከእንቅልፏ ነቅታ ወደ ሳሎን ብትወጣ፣ ልጅቷ በተከፈተው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። ከአደባባዩ በኩል፣ ከሩቅ፣ የሞተር ጩኸት ይሰማል። ሰዎቹ ተለውጠዋል እንጂ እሽቅድምድሙ አልቆመም።

«ይናፍቅሻል?» አለቻት እናቷ።

«የሚያስጠላኝ መስሎኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «ሴትዮዋን እያሰብኩ፣ ሎሚን እያሰብኩ፣ ድምፁን ስሰማ የሚያጥወለውለኝ መስሎኝ ነበር። ግን መሪ ልጨብጥ እጄን ይበላኛል፣ እማ። አሁንም ይበላኛል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።»

እናቷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ውጭ ቀስ በቀስ እየነጋ ነበር፤ ሞተሮቹ ርቀው እስኪጠፉ ድረስ ሁለቱም ከመስኮቱ አልተነሡም።