ውሃ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ለሽምግልና ሄጄ ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም። ደሴም ሆነ እዚህ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዘዴዬ አንድ ነው፦ ልጅቷ ካልተሰጠችን አልቀመጥም እላለሁ። የቀረበው ሻይ እየቀዘቀዘ፣ እኔ ቆሜ ጉልበቴን ሳሻሽ፣ የትኛውም አባት በመጨረሻ ይረታል።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሳዲቅ የሱሀይላን አባት እንድጠይቅለት ሲለምነኝ ብዙም አልተጨነቅሁም። ሳዲቅ ሮተርዳም ወደብ፣ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ሱሀይላ ደግሞ «ፓፓ እሺ ካላለ የለም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አባቷ ሐጂ ሳሊሕ የምጽዋ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያው ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

ሱሀይላ ራሷ ደወለችልኝ።

«ኸሚስ፣ አፍስፕራኩ፣ ማለቴ ቀጠሮው፣ ቅዳሜ ነው። ግን ቤት አይደለም፣ ዋተርቡስ ላይ ነው» አለችኝ። እዚህ ያደገች ልጅ ስለሆነች አንተ ነው የምትለኝ፤ ለምጄዋለሁ።

«ምን ላይ?»

«ጀልባው ላይ። ፓፓ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ይሄዳል። እዚያ እንድትመጣ ፈልጓል።»

ጓደኛዬን ብዙነህን ይዤ ሄድኩ። ብዙነህ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሚሠራ ሽማግሌ ማባበል እንጀራው ነው። ችግሩ ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ ከውሃ የምናውቀው ሎጎ ሐይቅን ነው፣ እሱንም ከዳር ሆነን።

ቅዳሜ ጀልባው ላይ ስንወጣ ሐጂ ሳሊሕ መስኮት አጠገብ ተደላድለዋል። «ተቀመጡ» አሉን።

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አልኩ፣ እንደ ልማዴ ደረቴን ነፍቼ።

«ደግ» አሉና ወደ ውሃው ዞሩ።

ጀልባው ተነሳ። እኔ የብረቱን ምሰሶ ያዝኩ፤ ብዙነህ ጃኬቴን ያዘ። ትኬት የምታየው ልጅ መጥታ «ሄረን፣ ዚተን ኽራኽ» እያለች ባዶ ወንበር አሳየችን። መቀመጥ አንችልም አልኳት። ወገባችሁን ያማችኋል ወይ ስትል ጠየቀችኝ። ባህል ነው ስላት ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች።

«ይህ ወደብ በአውሮፓ አንደኛ ነው» ብዬ ለሐጂ ሳሊሕ ጀመርኩ። «ልጃችንም የሚሠራው እዚህ ነው።»

«ይሄማ ሰው በማሽን የቆፈረው ጉድጓድ ነው» አሉ። «እኔ ምጽዋ የመርከብ ገመድ እየተቀበልኩ ሳስር ነው ያደግሁት። ምጽዋን የቆፈረ ማሽን የለም። ደሴቶቹን ደርድሮ ማዕበሉን ዝም ያሰኘው አላህ ነው። አስመራ ተራራ ላይ ወጥታ ዋና ከተማ ነኝ ትላለች፤ የምትበላውም የምትለብሰውም ግን በእኛ እጅ ነበር የሚያልፈው።»

ብዙነህ ሊያስደስታቸው ቸኮለ። «እውነት ነው፣ ወደባችን እኮ…»

«የማን?»

«የእናንተ። የእናንተ ወደብ።»

ብዙነህን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት፤ ሊወድቅ ሲል መልሼ ያዝኩት።

ነገሩ ጨርሶ ሳይበላሽ ትልቁን ካርዴን መዘዝኩ። «ልጃችን ቤት አለው። ዓመታት ተራ ጠብቆ ዲመን ላይ ደርሶታል። ለአምስተርዳም ቅርብ ነው» አልኩ። እዚህ አገር ሚስት ከማግኘት ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ይህን ሰምቶ ፊቱ የማይበራ አባት አላየሁም።

የሐጂ ሳሊሕ ፊት ጠቆረ። «ዲመን» አሉ። «እሷም ወደ ዋና ከተማ ልትሄድ ነዋ። ዋና ከተማ ከወደብ መውሰድ እንጂ መመለስ አያውቅም።»

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ሙሽራው ያገኘውን ቤት ሳወድስ እሳቸው ባዶ የሚቀረውን ቤት እያዩ ነበር። በዚያው ቅጽበት ትልቅ የጭነት መርከብ በአጠገባችን አለፈና ሞገዱ መታን። ብዙነህ ጃኬቴን እንደያዘ ተንሸራተተ፣ እኔም ጃኬቴን ተከትዬ ሄድኩ። ሁለታችንም ከሐጂ ሳሊሕ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተዘረፈጥን።

ልነሳ ብል ብዙነህ ጃኬቴ ላይ ተቀምጧል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሳላገኝ ተቀመጥኩ። የሳዲቅን ትዳር በገዛ እጄ አበላሸሁት ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ሐጂ ሳሊሕ ይስቁ ነበር። «ሽማግሌ የሚቀመጠው መቼ ነው?»

«ልጅቷን ሲሰጡት» አልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

«ይኸው ተቀመጣችኋል። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ ሰጥቻችኋለሁ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል እሳቸው ብድግ አሉ። በዚያ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ምንም ሳይይዙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ይወድቃሉ» አልናቸው።

«አልቀመጥም። እኔም ጉዳይ አለኝ።»

ብዙነህ ሊያስቀምጣቸው እጁን ዘረጋ።

«ምንድን ነው ጉዳይዎ?» አልኩ።

«ልጆቹ እዚሁ ሮተርዳም ይኑሩልኝ። ብቻዬን መሆን እፈራለሁ።» አሉ።

ጀልባው እንደገና ተናጠ፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ሳዲቅ ያንን ቤት ሲጠብቅ ዓመታት የተኛው የእኔ ሶፋ ላይ ነው። ቁልፉን የተቀበለ ቀን እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። በዚያ ቤት ላይ እኔ ቅንጣት ሥልጣን የለኝም።

«ሰጥተናል» አልኩ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ መጥራት ጀመረ። አወጣሁት፤ ሳዲቅ ነው።

«አንሳው» አለኝ ብዙነህ።

«አንተ አንሳው» ብዬ ሰጠሁት።