ከወንዙ ሜዳ ላይ የተነሳው ቤት

ታላቅ እህቴን ቤት ውስጥ «ሜትር» ነው የምንላት። የመልክዓ ምድር ንድፍ መማር ከጀመረች ወዲህ የማትለካው ነገር የለም፤ የአጥሩን ጥላ ሳይቀር ትለካለች። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር አባታችን፣ «ልጅህ ምን ተማረች?» ሲሉት «ዛፍ መትከል» እያለ ይስቃል።

ለመመረቂያዋ ሰፈራችን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚኖረውን መልክ መንደፍ ነበረባት። ዝናብ በበረታ ቁጥር ወንዙ ይሞላል፤ እሷም ቦቲ ጫማዋን ተጫምታ ዳር ዳሩን ስትዞር፣ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ከየግድግዳው ስታነብ ከረመች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ንድፉ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ያስፈልገዋል። የት እንደሚያርፍ እዪ።»

ጣቷ ያረፈው ቤታችን ላይ ነበር።

«ትንሽ ብታዞሪውስ?»

«ወደ ማን ቤት ላዙረው?»

 እኔ ብሆን ማዞሬ አይቀርም ነበር።

ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን አባዬ ኮቱን አስተኩሶ መጣ። ሞዴሉ ከካርቶን የተሠራ ነው፤ ዛፎቹ ስፖንጅ፣ ወንዙ ሰማያዊ ቀለም። አባዬ ጎንበስ ብሎ መንገዱን እንደ ድሮው እየነዳ በጣቱ ተከተለ። «ድልድዩ... ዳቦ ቤቱ...» ከዚያ ቆመ።

«የኛ ቤት የታለ?»

«ተነስቷል፣ አባዬ።»

 መነጽር ያደረጉ አንዲት ፈታኝ ቀና አሉ። «የእርስዎ ቤት ነው?»

«ነበር» አለ አባዬ።

ፈታኟ ወደ እህቴ ዞሩ። «የሜዳውን ጠርዝ ትንሽ ብትገፊው ይተርፍ ነበር እኮ።»

«አስቤበታለሁ። ግን ውሃው የማን ልጅ እንደሆንኩ አይጠይቀኝም።»

 አባዬ አገጩን እያሻሸ፣ «እሺ ጎረቤቶቼስ? ማን ከማን ጋር ሄደ?» አለ።

እህቴ እጁን ይዛ ሞዴሉ ላይ ወዳለው ዳገት ወሰደችው። ከሜዳው የተነሱት ቤቶች እንደ ድሮ አቀማመጣቸው ተደርድረዋል። «ይቺ ያንተ ናት። በግራህ ጫማ ሠሪው፣ በቀኝህ አዋላጇ። በረንዳችሁ ጎን ለጎን ይተያያል።»

«ከአዋላጇ ጋር እኮ ተኳርፈናል!»

«ሃምሳ ዓመት አላችሁ፤ ትታረቃላችሁ።»

ፈታኟ ሳይቀሩ ሳቁ። አባዬ ግን አልሳቀም፤ ከካርቶኗ ቤት ላይ ዓይኑን መንቀል አቅቶት፣ ጣሪያዋን በጣቱ ጫፍ ዳሰሳት።

ስንመለስ ቀድሞን በፈጣን እርምጃ ሄደ። ተቀየመ ብለን እኔና እህቴ ተያየን። ሰፈር ስንደርስ ጫማ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ልጄ ቤቴን አፈረሰችው!» አለው አባዬ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሰውዬው ደነገጠ። «ምን በደልካት?»

«አትቅና፣ ያንተንም አፍርሳዋለች። ና ግባ፣ የት እንዳስቀመጠችን ልንገርህ።»