በደሴ ሙት ዓመት የተፎከረው

በሚሊሻው በደሴ ሙት ዓመት ላይ አጎቱ ኪዳኑ ጠመንጃ ነጥቆ ፎከረ።

«ዘራፍ! ጥይት ቢያልቅበት በመጥረቢያ፣ ገዳዩን ፈልጦ የሞተ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሟቹ እህት ወደ ሰርካለም ዞረ፤ ለወንድም ጀብዱ እልል የምትል እህት ናት። እሷ ግን ጥርሷን ነከሰች። ምን መጥረቢያ! ደሴማ በአንድ ጥይት ደጃፉ ላይ ነው የተደፋው። መጥረቢያውን አንስታ የተኮሰበትን ልጅ እግር ወታደር ጓሮ ድረስ ያሳደደችው እሷ ናት። አንገቱ አልበጠስ ብሏት ደጋግማ ፈለጠችው፤ ደሙ አፏ ውስጥ ገባ።

«እልል በይ እንጂ! ምን ያዘሽ?» አለቻት እናቷ።

ሰርካለም አፏን ከፈተች። የወጣው ግን እልልታ አልነበረም፤ የዚያ ወታደር የመጨረሻ ጩኸት ነበር።

«እናቴ! እናትዬ!»

እናቷ ደንግጣ፣ «ወዬ ልጄ!» አለች።