ጭስ የጠፋበት ቡና

እማማ ሀዋ መንገድ ዳር ዘርሁን ችካል ሲተክል አይተው በቅሎ ሊያስር መሰላቸው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የዚህ ሣር አልቋል። ወዲያ ማዶ ብታስራት ይሻልሃል» አሉት። ዙሪያውን ቃኘት አድርገውም፣ «በቅሎይቱስ የታለች?» አሉ።

ዘርሁን ፈገግ አለ። «በቅሎ የለኝም፣ እማማ። የቤት ቦታ ነው የምለካው። ይሄ የእርስዎ ነው።»

የእሳቸው ፊት ጠቆረ።

ጊዜው ጥቅምት 1978 ዓ.ም. ነው። ከጅማ የተላከው ዘርሁን ከሸቤ ወዲያ ያሉትን ገበሬዎች በአንድ መንደር ማሰባሰብ ነበረበት። ገበሬው የደኸየው ተበታትኖ ስለሚኖር ነው፤ ከተሰበሰበ ውሃውም ትምህርት ቤቱም ይመጣለታል ተብሎ ተነግሮታል። እሱም አምኖ ነው የመጣው።

እማማ ሀዋ ክንዱን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ዳገቱ አንድ ሰዓት ፈጀ። ጎጆዋ ቡናው መሀል ነበረች፤ ፍሬው ገና መቅላት መጀመሩ ነው።

«ጦጣ የሚፈራው ይሄን ጭስ ነው» አሉ ወደ ጣሪያው እያሳዩት። «ጭስ ካየ ሰው አለ ብሎ ይሸሻል። እኔ ታች ወርጄ ማን ይጠብቅልኛል?»

«ሁሉም ሰው ይሰበሰባል እኮ፣ እማማ።»

«ለጦጣውስ መንደር መሠረታችሁለት?»

ዘርሁን ሳቁ አመለጠው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ለቅሜ እስክጨርስ ሁለት ወር ስጠኝ። የዓመት ጉርሴ ነው። ከዚያ ወላሂ፣ ቤቱን በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ።»

ቃል ገባላቸው። ሲመለስም በሚፈርሱት ስልሳ ቤቶች ዝርዝር ላይ ስማቸውን መጨረሻ ጻፈው።

ሰኞ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ከተማ ዝርዝሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ከሩቁ እንጀምር። ቅርቡ የት ይሄድብናል?» አለ። ከሁሉም ሩቁ የእማማ ሀዋ ቤት ነበር።

«ጓድ ዘርሁን፣ የምትለው አለህ?»

ሃምሳ ሰው መጥረቢያና ገመድ ይዞ አፍ አፉን ያየዋል። ዘርሁን ቃሉን አስታወሰ።

«የለኝም» አለ።

ቤቱ ከቀትር በፊት ፈረሰ። እማማ ሀዋ በየጠዋቱ ዳገቱን እየወጡ ጦጣ ያስተረፈላቸውን ለቀሙ፤ አንድ ቁና ብቻ ሞላላቸው። የዓመት ጉርሳቸው ስለቀረ በመጋቢት የቡናውን ግንድ አስቆርጠው ቶሎ የሚደርስ በቆሎ ዘሩበት።