ሾርባው እጁ የለበትም

በዚህ ሰፈር ከእኔ በላይ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ሰባተኛን በመስኮት አይቻታለሁ። ግን በአክስቴ የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ከተቀመጥኩ አለቀ። አንዱማ የውሃ ቆጣሪ ይቀየርልኝ ብሎ መጥቶ፣ የጻፍኩለትን ማመልከቻ ሲያነብ እንዲህ ተጎድቻለሁ እንዴ ብሎ ወንበር ጠየቀኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አክስቴ የማተሚያ ቀለም ልትገዛ ወጣ እንዳለች ጋሼ ሰዓት ሠሪ ገቡ። ሱቃቸው ከእኛ ፊት ለፊት ነው። ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ረስተውት ስለመጡ ሦስት ዓይን ያላቸው ይመስላሉ። በር በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሞት ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። የማን ሞት ስላቸው የራሴ አሉ። ደስ አለኝ። ሞታቸው አይደለም፣ ሥራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ሐኪሙም ልብህ ደክሟል ብሏቸዋል። እሱ እንኳን አላሳሰባቸውም። ያሳሰቧቸው ሚስታቸው እትዬ ናቸው። እትዬ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከጋሼ በፊት ሁለት ባል ቀብረዋል። አንዱን ልቡ፣ አንዱን ሳንባው ነው የገደለው። ሰፈሩ ግን ምላሱን የሚያሳርፍበት ስለሌለው "በላቻቸው" አለ። ሁለተኛው የሞቱ ጊዜ አንዲት ሙሽራ እንኳ ዓመት ሙሉ በእትዬ እጅ አላሰፋችም። ጋሼ ሦስተኛው እኔ ከሆንኩ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው አሉኝ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ አለ፤ ሦስተኛውም ጭምር መሰለኝ።

የሚፈልጉት አንድ መስመር ነው፦ ስሞት የምሞተው የተፈጥሮ ሞት ነው፣ ማንም ሚስቴን እንዳይወቅስ። በማሽን ይጻፍ፣ በማሽን የተጻፈን ሰው ያምናል። አንድ ምስክር ይፈርምበት። እትዬ እንዳይሰሙ።

የተፈጥሮ ሞት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የሰው እጅ ያልገባበት፣ መኪና ያልገጨበት፣ ዕድሜና በሽታ ብቻቸውን የጨረሱት ሞት ነው አሉ። ጉንፋንስ? ተፈጥሮ ነው። ከመሰላል መውደቅስ? እሱ አደጋ ነው። መሰላሉ ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆሞ ቢወድቁስ? ጋሼ ብዙ አሰቡ።

"መሰላል ላይ አልወጣም" አሉ በመጨረሻ።

እኔ ደግሞ የአንድ መስመር ደብዳቤ ራቁቱን አደባባይ እንደወጣ ሰው ነው የሚታየኝ። አለበስኩት። ጋሼ ሱቃቸው በር ላይ ደንበኛ ቆሞ ሲጣራ ሰምተው ሳያነቡ ፈረሙና፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ወስጄ በምስክርነት እንዳስፈርመው አዘውኝ ሮጡ።

ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መላጣ ነው። ምላጩን በአንድ እጁ፣ ደብዳቤዬን በሌላው ይዞ ጮክ ብሎ አነበበ፦

"የሞትኩት በተፈጥሮ ሞት እንጂ በሌላ በምንም አይደለም። በተለይም ሚስቴ በየምሽቱ በገዛ እጇ የምትሠራልኝ ሾርባ በሞቴ እጁ የለበትም። በውስጡ ምን እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ አምናታለሁና። ይህንንም የፈረምኩት ተገድጄ አይደለም።"

ሾርባው ምን ሆነ አለኝ። ምንም አልሆነም፣ ስላልሆነ እኮ ነው የተጻፈው አልኩት። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ፊቱ ግማሹ አረፋ፣ ግማሹ ድንጋጤ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ አልፈረመም። የልጁ ሠርግ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ልብሷም እትዬ ቤት ገና እየተሰፋ ነው። ወዲያው ለልጁ ደውሎ ልብስሽን ከዚያ ቤት አውጪ አላት።

መንገዱን ስሻገር ሾርባው ቀድሞኝ ነበር። አክስቴ ቀለም ልትገዛ በሄደችበት ሱቅ ጋሼ እየተመረዙ ነው ሲባል ሰምታ መጣች። ደብዳቤውን አነበበችና ራሷን ያዘች፤ ይኼ ደብዳቤ ሳይሆን የፖሊስ ማስረጃ ነው አለች። ሙሽሪት ደግሞ አንድ እጅጌ ብቻ የተሰፋበትን ልብሷን ታቅፋ በፊታችን አለፈች። ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው አዩዋት።

"ላድናት ብዬ ቀበርኳት" አሉ። ከዚያ ለእትዬ ራሳቸው ሊነግሩ ሄዱ፣ ቀስ እያሉ።

እትዬ አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። ምሳ ሰዓት ላይ ድስት ተሸክመው፣ ጋሼ ኩባያ ተሸክመው ከኋላቸው፣ ቀጥታ ፀጉር ቤቱ ገቡ። እኔና አክስቴም ተከተልን፤ እሷ በኀፍረት፣ እኔ በጉጉት። ድስቱን ማበጠሪያዎቹ መሀል አስቀመጡ። መጀመሪያ ለጋሼ ቀዱ። ጋሼ ጨልጠው ጠጡና ኩባያውን መልሰው ዘረጉ። ቀጥሎ ራሳቸው ጠጡ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን አዩት፤ ምሳ በልቻለሁ አለ። ሆዱ ግን በሰው ፊት ጮኸበት።

"እንግዲያው ጸሐፊዋ ትቅመስ" አሉ እትዬ።

እኔም የሾርባውን ንጽሕና ላስመሰክር ብዬ አንዴ በትልቁ ሳብኩ። እሳት ነው። ትን አለኝ። ዓይኔ ፈጠጠ፣ እጄ ተወራጨ። ወሬው እንዳያመልጠው ሳይላጭ የቆየው ባለአረፋው ሰውዬ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ በሩን በረገደና ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ ገደለቻት እያለ ወንበር ላይ ወጣ። ጋሼ የእጄን አንጓ ያዙ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ "ይቀድማል" አሉ። እትዬ ግን ጀርባዬን አንዴ ብቻ አቀመሱኝ። ካሮት ከአፌ ወጥቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ።

ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ወርዶ መስታወቱን ጠጋ ብሎ አየ፣ አሸተተ።

"ካሮት ነው" አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ከዚያ ማን እንደቀረ እንጃ፤ ጋሼ ልባቸውን ደግፈው ነው የሳቁት። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ኩባያ ጠጣ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀ፣ ካሮትና ድንችና ጨው ሲባል ቅር አለው። ልጁ ጋ ደውሎም ልብሱን አሁኑኑ እንድትመልስ፣ እግረ መንገዷንም ማንኪያ ይዛ እንድትመጣ ነገራት።

እኔ ዓይኔን ጠራረግኩ። እስቲ አስቡት፣ ያለ እኔ ደብዳቤ የእትዬን ሾርባ ማን ያውቀው ነበር? ከፈለጋችሁ አሁን ካሮቷን ጨምሬ የተስተካከለ ልጻፍላችሁ አልኩ።

እትዬ ጭልፋውን ጠርገው ድስቱ ላይ አጋደሙት።

"ስሚ አንቺ" አሉኝ፣ "እሱ በተፈጥሮ ሞት ይሞታል። እኔም በተፈጥሮ ሞት እሞታለሁ። አንቺን ግን የምገድልሽ እኔ ነኝ።"